የጥር ንባቤ፣ እና ለ14 ዓመት እህቴ የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ

መስኮት ዳር፣ ጥር 29፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ሊያልቅ ነው። እንደ ልማዴ የወሩን ንባብ ይዤ መጥቻለሁ። በዚህ ወር ግን ጥያቄም ስላለኝ እስከ ታች ድረስ አንብቡልኝ።

ለአዲሶች፦ 24 ዓመቴ ነው። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ተብለው የሚጻፉ ልብ ወለዶችን እስከ ዛሬ አልተውኩም፣ የመተው ሐሳብም የለኝም። ባለታሪኩ ልጅ ነው። የሚወስነው ነገር ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስነው ነው። ሲዋሽም ሲያፈቅርም እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ይሄን እወዳለሁ።

በወር አራት መጽሐፍ ነው የማነበው። ሁለት እንግሊዝኛ፣ አንድ አማርኛ፣ አንድ ደግሞ ድሮ ያነበብኩት። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ስለሆነች አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይበቃታል። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ገርጂ ነው መንገዴ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ካገኘሁ 20 ገጽ ይሄድልኛል። መሐል ከተቀመጥኩ 10። ማታ ደክሞኝ ስለምመለስ አልሞክረውም።

የጥር ትልቁ መጽሐፌ የቤንጃሚን ዜፋናያ «ሪፉዩጂ ቦይ» ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ዓለም የሚባል የ14 ዓመት ልጅ አለ። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ጦርነቱ ሲነሳ በሁለቱም አገር መኖር ያቅታቸዋል። አባቱ ለንደን ይዞት ይሄድና አንድ ጠዋት ልጁ ሲነሳ አባት የለም፤ ደብዳቤ ብቻ። አጀማመሩን ልንገራችሁ። መጽሐፉ ሁለት መግቢያ አለው። በመጀመሪያው ወታደሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ቤታቸውን ሰብረው ይገባሉ። ገጹን ስትገልጡ ደግሞ ኤርትራ ነው፣ ያው ወታደር፣ ያው በር፣ ቃላቱ ሳይቀሩ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የኅትመት ስህተት መስሎኝ ነበር። ጣቴን በሁለቱ ገጾች መሐል አድርጌ እየገለጥኩ አመሳከርኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝና መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው የሎረን ብላክዉድ «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» ነው፣ 2021 እ.ኤ.አ.። ኢትዮጵያን የሚመስል ምናባዊ አገር ውስጥ የሚሆን ታሪክ ነው። ባለታሪኳ ደብተራ ናት። አዎ፣ ደብተራ! እርግማን ያለበት ቤት ገብታ በብር በምትሠራው ክታብ ክፉውን ነገር ታባርራለች። «ጄን ኤር»ን ያነበበ ሰው አጥንቱን ያውቀዋል። ፍቅሩ ፈጠነብኝ፣ ቤቱ ግን አስፈራኝ። ማታ አላነበብኩትም።

ከአማርኛ የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» አነበብኩ። አቤል የሚወዳትን ልጅ ማናገር አቅቶት ግቢው ውስጥ ሲቃጠል ማየት ያማል። ከድሮው «ሀንገር ጌምስ»ን ደገምኩ፣ ሁልጊዜም ጥሩ ነው።

አሁን ጥያቄዬ። ታናሽ እህቴ 14 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ ከእኔ በፍጥነት ታነባለች። አማርኛ ግን ፊደል እየቆጠረች ነው። እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ አብረን ማንበብ ጀምረናል። እስከ አቦል እኔ አነባለሁ፣ እስከ ቶና እሷ፣ በበረካ እናወራለን። ባለፈው እሑድ በረካው ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «በአማርኛ እንደኔ ያለች ልጅ ያለችበት መጽሐፍ ለምን የለም?» ተረት አለ፣ እሱን አልፋዋለች። የአዋቂ ልብ ወለድ አለ፣ እሱ ገና ነው። መሐሉ ላይ ምን ልስጣት? መልስ አጥቼ ስኒ ማጠብ ጀመርኩ።


ናዝሬት 17፣ ጥር 29፣ ማታ 3፡05

ዴርቶጋዳ! ሌላ ምን ይባላል። 9ኛ ክፍል እያለን አንድ ቅጂ ክፍሉን በሙሉ ዞሯል። ሽፋኑ ወልቆ በፕላስተር ነበር የያዝነው። ማንበብ የሚጠሉ ልጆች ሁሉ ጨርሰውታል። የጣና ገዳማት፣ ሳይንቲስቶች፣ ስለላ፣ ሁሉም አለው። ከዚያ ራማቶሓራን ቀጥላ ታገኘዋለች። እኔ አማርኛ ማንበብ የጀመርኩት በደራሲው በይስማዕከ ወርቁ ነው።


መስኮት ዳር፣ ጥር 29፣ ማታ 3፡20

ናዝሬት፣ እኔም ወድጄዋለሁ። እሰጣታለሁም። ግን ባለታሪኮቹ ዶክተሮችና ኢንጂነሮች ናቸው። እሷ የጠየቀችኝ የራሷን እኩያ ነው። ፈተና ያለባት፣ ከእናቷ ጋር የምትጋጭ፣ ጓደኛዋ የራቀቻት ልጅ።


አሮጌ መጽሐፍ፣ ጥር 30፣ ጠዋት 3፡15

እኔ ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት አንዱ ነኝ። ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማዋለሁ። ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀኝ እናት ናት። «ለልጄ» ትላለች። «ስንት ዓመቷ ነው?» እላለሁ። 5 ወይም 6 ካለችኝ ቀላል ነው፣ ባለ ሥዕል ተረቶች አሉኝ። 20 ካለችኝም ቀላል ነው። 13፣ 14፣ 15 ስትለኝ ነው እጄ አየር ላይ የሚቀረው። መደርደሪያ ስደረድር ያን ቦታ የማስቀምጥበት ነገር የለኝም።

ምክንያቱን ከልቤ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው የሚያሳትመው። ወረቀት ተወዷል። ገንዘቡን ሲያወጣ ማን ይገዛኛል ብሎ ያስባል። የ14 ዓመት ልጅ ገንዘብ የላትም። እናቷ ደግሞ ቅድሚያ የምትገዛው ለፈተና የሚጠቅመውን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለአዋቂ ይጽፋል። ልጆቹ የአዋቂውን ሰርቀው ያነባሉ። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው፣ የወንድሜን የኩራዝ መጻሕፍት ፍራሽ ሥር እየደበቅኩ።

አንድ ነገር ሞክሪ። «የአና ማስታወሻ» በአማርኛ አለ። ልብ ወለድ አይደለም፣ ግን ጸሐፊዋ አና ፍራንክ ስትጀምረው 13 ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ጋር መጋጨቱም አለበት። ለስንት ልጅ ሰጥቻለሁ፣ አንዷም «አልወደድኩትም» ብላ አልመለሰችልኝም።


እናት በሜሪላንድ፣ ጥር 30፣ ጠዋት 4፡50

ስለ ደብተራዋ መጽሐፍ ስላነሳሽ በጣም ደስ አለኝ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ እዚህ የተወለደች። መጽሐፉን ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ይዛ መጣች። እዚያ የወጣቶቹ ክፍል ለብቻው ነው፣ የራሱ ወንበር፣ የራሱ ሠራተኛ አለው። ማታ ወጥ እየሠራሁ መጥታ «ማሚ፣ ደብተራ ማለት ደብተር ነው?» አለችኝ። እኔም በደንብ ማስረዳት አቃተኝ። አያቴ ሰፈር የሚፈሩ አንድ ደብተራ እንደነበሩ ብቻ ነገርኳት። ዓይኗ እንዴት እንደበራ! ስለ አያቴ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ሽንኩርቱ አረረ፣ እኔ ግን ወሬውን አላቋረጥኩም።

ማብራራት የሚችል ሰው ካለ ግን እባካችሁ። የነገርኳት ትክክል መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።


መምህር ከደብረ ማርቆስ፣ ጥር 30፣ ቀን 7፡30

እናት በሜሪላንድ፣ ልጅሽ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀችሽ። ደብተራ በግእዝ ድንኳን ማለት ነው፤ «ደብተራ ኦሪት» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ሰውየው ደብተራ ሲባል ግን ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋም የተማረ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ቄስ ወይም ዲያቆን ላይሆን ይችላል። ማኅሌቱን የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ከእነሱ መሐል ክታብ የሚጽፉ፣ በብራና ላይ ጠልሰም የሚስሉ ነበሩ። አያትሽ ሰፈር ይፈሩ የነበሩት በዚህ ይመስለኛል። የልብ ወለዱ ጸሐፊ ይህን አንዱን ጎን ወስዳ ሙሉ ሥራ አድርጋዋለች። ለምናባዊ ታሪክ ቅር አይለኝም። ልጅሽ ግን ዜማውንና ቅኔውንም ብታውቅ ደስ ይለኛል።

ተማሪዎቼ «ሴት ደብተራ የለችም» ብለው ይከራከሩኛል። ስያሜው የወንዶች ሆኖ ኖሯል፣ እውነት ነው። ለቅኔ ግን የእኛው ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፣ ወንዶቹ ተማሪዎች እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። እውነተኛዋ ሴት ከምናባዊዋ አታንስም።

አሁን ወደ መስኮት ዳር ልምጣ። እህትሽ በአማርኛ የለም ያለችው መጽሐፍ አለ። ያውም የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት። ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ ለዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ የምንጠራበትን ስም ተመልከቺ። በኋላ «ጦቢያ» ተባለ። ጦቢያ ልጃገረድ ናት። መንታ ወንድሟ ዋህድ የአባቱን ውለታ ሊመልስ ወጥቶ ይጠፋል። እሷ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። በመንገድ ላይ አንዲት የንጉሥ ዘመድ ወንድ መስላት ትወዳታለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግርሽም። የልጅ ድፍረት፣ ጉዞ፣ ማንነትን መደበቅ፣ ፍቅር። እናንተ የወጣት ልብ ወለድ የምትሉት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?


ናዝሬት 17፣ ጥር 30፣ ቀን 8፡02

መምህር፣ በአክብሮት ነው፣ እኔ አልስማማም። ጦቢያን ትምህርት ቤት ቁራጩን አንብበናል። ዐረፍተ ነገሩ ሳይቆም ግማሽ ገጽ ይሄዳል። ፊደል እየቆጠረች ያለች ልጅ ይህን ብትሰጧት አማርኛን ጭራሽ ትጠላዋለች። መጀመሪያ የሚያስሮጣት ነገር ታንብብ። የድሮው አይጠፋም፣ በኋላ ይደርሳል።


መምህር ከደብረ ማርቆስ፣ ጥር 30፣ ቀን 8፡40

ልጄ፣ ያልከው እውነት አለው። ቁራጭ ቆርጠን፣ ጥያቄ ደርድረን ስለምናስተምረው ነው እንደዚያ የሆነባችሁ። ይህን ጥፋት የእኛ የመምህራን ነው እላለሁ። መፍትሔው ግን ያው እህትማማቾቹ የሚያደርጉት ነው። የአፈወርቅ አማርኛ በዓይን ይከብዳል፣ በጆሮ ይፈሳል። ታላቅየዋ ጮክ ብላ ታንብብ። ትንሿ ትስማ። ታሪኩ ከያዛት መጽሐፉን ከእጇ ትነጥቃታለች።


አንድ አንባቢ፣ ጥር 30፣ ማታ 1፡15

አባቴ ከዚህ፣ እናቴ ከዚያ። በ1990 ዓ.ም. ስድስት ዓመቴ ነበር። ስለዚያ ልጅ መጽሐፍ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአማርኛ ተተርጉሞ ከሆነ ንገሪኝ። ለእናቴ ማንበብ እፈልጋለሁ።


መስኮት ዳር፣ ጥር 30፣ ማታ 1፡40

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ በአማርኛ አላየሁትም። የእኔን ቅጂ እሰጥሃለሁ፣ አልፈልገውም አትበል። ሁለቱን መግቢያዎች እኔ እተረጉምልሃለሁ። ጥቂት ገጽ ናቸው፣ ለእናትህ ታነብላቸዋለህ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።


የጎንደር ልጅ ከነታንያ፣ ጥር 30፣ ማታ 2፡30

እኔም አንድ ልጨምር። ጄን ከርትዝ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ አለች፣ ልጅነቷን ማጂ ነው ያሳለፈችው። «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» የሚባል መጽሐፍ በ1998 እ.ኤ.አ. አውጥታለች። ሁለት ልጃገረዶች ከጎንደር ገጠር ተነስተው በእግር ወደ ሱዳን ይሄዳሉ። ሣህይ ቅማንት ናት። ራሔል ቤተ እስራኤል ናት፣ ዓይኗ አያይም። ሲነሱ ይፈራራሉ። አንዷ ስለ ሌላዋ ሕዝብ የሰማችው ክፉ ክፉውን ነው። «ቡዳ» የሚለው ቃል እዚያ ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ታያላችሁ።

እናቴ በዚያ መንገድ ነው የመጣችው። በ12 ዓመቷ። በሌሊት ይሄዱ ነበር፣ ቀን ይደበቁ ነበር። እኛ ልጆቿ ስንጠይቃት «ደከመኝ» ትለናለች። መጽሐፉን በዕብራይስጥ እያዞርኩ ለታናናሾቼ ሳነብ ከኩሽና ሆና ትሰማ ነበር። ዓይነ ስውሯ ልጅ የሰው ትከሻ ይዛ ስትሄድ የሚለው ላይ ስደርስ ወጣች። «እንደዚያ አይደለም፣ በገመድ ነበር የምንያያዘው» አለች። ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት አወራችን። የመስኮት ዳር እህት እንግሊዝኛ ስለምትችል ታንብበው። ግን በአማርኛ ቢኖር እናቴ ራሷ ታነበው ነበር።


ጂዳ ያለሁ፣ ጥር 30፣ ሌሊት 6፡20

ሰላም እህቶቼ ወንድሞቼ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሥራ የምጨርሰው አሁን ነው። ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። መጽሐፍ መግዛት እዚህ አይመችም። ልብስ ስተኩስ በጆሮ ማዳመጫ ትረካ እሰማለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርከው ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምርበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ካውያውን አቆማለሁ። እኔም መማር ስለምወድ ነው።

ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ይላካል። አንዳንዴ አነባለሁ። ግን ጸሐፊው ምን ይላል ብዬ ይከብደኛል። ምን ላድርግ?


አሮጌ መጽሐፍ፣ የካቲት 1፣ ጠዋት 3፡40

እህቴ፣ አንቺ ላይ የሚከብድ ነገር የለም። ያነበብሽውን መጽሐፍ ስም ያዢ። አገር ስትመጪ ወይም ሰው ሲመጣ አንዱን ግዢ። የምጣላው ገና መደርደሪያ ላይ ያልደረቀ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ለሺህ ሰው ከሚለቀው ጋር ነው። ለልጆች የሚጽፍ ሰው የጠፋው በዚህም ነው። ሁለት ዓመት ደክሞ የጻፈው በሳምንት ስልክ ላይ ከተበተነ ሁለተኛውን በምን አቅሙ ይጽፋል?


ሰማያዊ ቦርሳ፣ የካቲት 1፣ ጠዋት 4፡10

ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጃት። ዝም ብላ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ትዙር። የመረጠችውን ራሷ ትምረጥ፣ እኛ ስንመርጥላት ነው የሚሰለቻት።


እናት በሜሪላንድ፣ የካቲት 1፣ ማታ 12፡30

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ለልጄ አነበብኩላት። እማሆይ ገላነሽን ፈልጋ አገኘቻቸው፣ ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ልታዘጋጅ ነው። «ዓይነ ስውር ሆነው እንዴት ያስተምሩ ነበር?» ትላለች። ቅኔ በቃል ነው አልኳት። ትክክል ነኝ?


መምህር ከደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 1፣ ማታ 1፡05

ትክክል ነሽ። ቅኔ በቃል ነው የሚዘረፈው። ጽሑፏን ስትጨርስ ላኪልን፣ ተማሪዎቼ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።


መስኮት ዳር፣ የካቲት 9፣ ማታ 2፡15

ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ አብርሆት ሄድን። ሁለት ሰዓት ዞረች። የመረጠችው ስለ ኮከቦች የሚያወራ መጽሐፍ ነው፣ ልብ ወለድ አይደለም። ምንም አላልኩም፣ እዚያው ተቀምጣ አነበበችው። ከዚያ ለገሃር ወርደን «የአና ማስታወሻ»ን ገዛንላት። ሌሊት ስነሳ ብርድ ልብስ ውስጥ የስልክ መብራት አየሁ። አስቀድሜ ቲክቶክ ነው ብዬ ልቆጣ ነበር።

እሑድ ደግሞ ጦቢያን ጀመርን። ናዝሬት፣ ፍርሃትህ ልክ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አዛጋች። እኔም ራሴ ሁለት ቦታ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ከመሐል ጀመርኩ። እማዬ ቡናውን ትታ «እንደሱ አይነበብም፣ አምጪው» አለችና ተቀበለችኝ። እማዬ መጽሐፍ ይዛ አይቻት አላውቅም። እሷ ስታነበው መምህር እንዳሉት ሆነ። የቆምኩባቸው ቦታዎች ላይ እሷ አልቆመችም፣ የት መተንፈስ እንዳለባት ታውቃለች። ጦቢያ የወንድ ልብስ የለበሰችበት ላይ ስትደርስ እህቴ ከመከዳው ተነሳች። «ጸጉሯስ? ድምጿስ? እንዴት አያውቁባትም?» በረካው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ያነሳሽው ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ ጂዳ ያለሽው እህቴ፣ የእማዬን ንባብ በስልክ ቀድቼዋለሁ። መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፣ ጸሐፊውም በ1947 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት። ስለዚህ ማንንም የምንጎዳ አይመስለኝም። እማዬ ትንሽ አፍራለች፣ ግን ለማን እንደሆነ ስነግራት እሺ አለች። በየእሑዱ 30 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ልላክልሽ?


ጂዳ ያለሁ፣ የካቲት 9፣ ሌሊት 6፡45

ላኪልኝ። እናትሽን ስሚልኝ።


መስኮት ዳር፣ የካቲት 10፣ ጠዋት 1፡20

ልኬዋለሁ። 12ኛው ደቂቃ ላይ ስኒ ሲጋጭ ይሰማል፣ ረከቦቱን እህቴ ስትገፋው ነው። አላጠፋሁትም።